ከሻሞኒ እስከ ደባርቅ፦ በተራራ ጉዞ የማን ሕይወት ይቆጠራል?

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1820 ዮሴፍ ሐመል የተባለ ከሩስያ የመጣ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሞን ብላን ተራራን ሊወጣ በአልፕስ ተራሮች ካለችው ከሻሞኒ ተነሣ። መንገድ የሚመሩትና ጓዝ የሚሸከሙት የዚያው ሸለቆ ሰዎች ነበሩ። መጥፎ አየር ዓለት ላይ አግቷቸው ሲያበቃ መሪዎቹ መመለስ ፈልገው ነበር፤ አዲስ የወረደው በረዶ ገና አልረጋም ነበር። ጉዞው ግን ቀጠለ። ከፊት ሆነው መንገድ ሲከፍቱ የነበሩትን የበረዶ ናዳ ጠራረጋቸውና ሦስቱ ከግግሩ ስንጥቅ ገብተው ቀሩ። ሐመል ተረፈ። የሦስቱ ሰዎች ቅሪት የበረዶ ግግሩ በዝግታ ቁልቁል እያንሸራተተ ካወረደው በኋላ፣ በ1861፣ ከ41 ዓመት በኋላ ማለት ነው፣ ከግግሩ ግርጌ ተገኘ።

አደጋው በደረሰ በዓመቱ የሻሞኒ መንገድ መሪዎች ማኅበር ተመሠረተ። እንግዳ ለአባላቱ በተራ የሚደርስበትን ደንብ አወጣ፤ የተጎዳ አባልና ቤተሰቡ የሚረዱበትን ገንዘብም ማሰባሰብ ጀመረ። ማኅበሩ ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

ታሪኩ የተራራ ጉዞን ጥያቄዎች በሙሉ ይዟል። መሪዎቹ በረዶውን አንብበውት ስለነበር ችሎታ አለበት። «አንሄድም» ማለት የዕለት ገቢን ማጣት ስለሆነ እንጀራም አለበት። የከፈለ ሰው የሌላውን ሕይወት ለራሱ ምኞት ማስያዝ ይችላል ወይ የሚለው የሥነ ምግባር ጥያቄ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። ስለዚህ ዘርፍ የሚጻፉ አብዛኞቹ ጽሑፎች እነዚህን ለያይተው ያዩአቸዋል። ችሎታው ለስፖርተኛው፣ ሥራው ለቱሪዝም ቢሮው፣ ሥነ ምግባሩ ደግሞ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሙያው ይተዋል። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ናቸው እላለሁ። ጓዝ የጫነውና መንገድ የመራው ሰው በደህና ወደ ቤቱ የሚገባበት ሥርዓት ካለ ችሎታውም ያድጋል፣ እንጀራውም ይጸናል፣ ምግባሩም ይከተላል። ይህ ሥርዓት በሌለበት ሦስቱም ይበላሻሉ።

ከችሎታው እንጀምር። ተራራ መውጣት ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ገመድና የበረዶ መጥረቢያ ነው። የእኛ ተራሮች የበረዶ ግግር የላቸውም። ስሜን ላይ ሰውን የሚጎዱት ከፍታው፣ የሌሊቱ ብርድና የሕክምናው ርቀት ናቸው። 5,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ የራስ ደጀን ጫፍ ላይ ደግሞ ከመቶ 60 ገደማ። የሕክምና መመሪያዎች ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን ዕረፍት እንዲኖር ይመክራሉ። ስሜን ውስጥ ግን የመኪና መንገዱ ከመግቢያዋ ከተማ ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር በኩል ጨነቅ ይደርሳል። ጠዋት ጎንደር ቁርሱን የበላ እንግዳ ማታ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ድንኳን ሊተክል ይችላል። በማግስቱ 4,430 ሜትር ከፍታ ያለውን ቧሂትን ልውጣ ቢል የሚከለክለው የለም። መንገዱ ጉዞውን አቀለለው፤ ሰውነት ግን ከመኪና ጋር አይሮጥም።

የአስጎብኚው ትልቁ ሙያ የሚታየው እዚህ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋትና እንቅልፍ ማጣት የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው። እንግዳው ደግሞ ብዙ ገንዘብ ከፍሏልና ይደብቃቸዋል። ጥሩ አስጎብኚ እራት ላይ ሳህኑን ሳይነካ የመለሰው ማን እንደሆነ ያያል። ሳይናገር ያየውን በልቡ ይይዝና ጠዋት ያንን ሰው መሬት ላይ በተሠመረ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ተረከዙን ከጣቱ እያስነካ እንዲራመድ ይጠይቀዋል። ከተንገዳገደ አንጎሉ ማበጥ ጀምሯል። ቁጭ ብሎ ሳለ ትንፋሽ ካጠረውና ሳል ከያዘው ሳንባው ውኃ እየቋጠረ ነው። ለጊዜው የሚያግዙ መድኃኒቶች አሉ፤ ዋናው ሕክምና ግን መውረድ ነው፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው ትምህርት ረጅም አይደለም። በሌሎች ሀገሮች ከሐኪም ርቀው ለሚሠሩ መሪዎች የሚሰጠው የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና 80 ሰዓት አካባቢ ነው። ለአንድ አስጎብኚ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ሥልጠና መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ስለ ከፍታ ከተነሣ አንድ ነገር ማከል እወዳለሁ። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በስሜን 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ደገኞችን መርምረው ነበር። የሄሞግሎቢን መጠናቸውም ሆነ በደማቸው ያለው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ጋር የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ። ይህም ከአንዲስም ከቲቤትም ደገኞች የተለየ ነበር። የሚያኮራ ግኝት ነው፤ ግን «የሀገሩ ሰው ምንም አይሆንም» ለሚል ሰው ማመካኛ መሆን የለበትም። ከከተማ የሄደ ምግብ አብሳይም ሆነ አስጎብኚ ሰውነቱ እንደ እንግዳው ነው። ብርዱ ደግሞ ደገኛም ቆለኛም አይልም።

ገመድን በተመለከተ የእኛ ሀገር ሰው ከማንም የሚማረው ብዙ የለም ቢባል ማጋነን አይመስለኝም። ደብረ ዳሞ ላይ ወንዶች ጎብኚዎች በተጎነጎነ የቆዳ ገመድ 15 ሜትር ገደማ ዓለት ይወጣሉ፤ ሌላ ገመድ ወገባቸው ላይ ታስሮ ከላይ የቆመው መነኩሴ እየሰበሰበ ይይዝላቸዋል። አሠራሩ ዛሬ የዓለት ወጪዎች ትምህርት ቤት ከሚያስተምረው ጋር አንድ ነው። ገርዓልታ ውስጥ አቡነ የማታ ጉሕ ለመድረስ ጫማ ይወልቃል፤ የአካባቢው ልጆች የትኛውን ጣት ከየትኛው ጉድጓድ ማስገባት እንዳለባችሁ ከታች ሆነው ይነግሯችኋል። ይህ ዕውቀት ምስክር ወረቀት የለውም፤ ስለዚህም ዋጋ አይወጣለትም።

ከሁሉ የተናቀው ሙያ ግን የበቅሎ ነጂው ነው። ጠዋት ካምፕ ሲፈርስ ቆማችሁ እዩት። ጓዙን ለሁለት ይከፍልና አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ እጁ እያነሣ ይመዝናል። የከበደው ላይ ያለውን ድስት ወይም የዱቄት ከረጢት ወደ ቀለለው ያዛውራል። መደላድሉ ሳይጨማደድ ጀርባዋ ላይ መንጠፉን በእጁ ይዳስሳል፤ አንዲት እጥፋት እስከ ማታ ጀርባዋን ታቆስላለች። ከዚያ ባልደረባው ጋር ሆነው ሁለቱን ጭነት በአንድ ጊዜ ያነሣሉ፣ ገመዱን በሆዷ ሥር ያሳልፋሉ፣ ጎኗን በጉልበት ደግፈው ይስባሉ። በቅሎ ስትጫን ሆዷን እንደምትነፋ ያውቃልና ጥቂት አስኪዶ እንደገና ያጠብቀዋል። ይህ ሁሉ ካልተደረገ ቁልቁለቱ ላይ ጭነቱ ዞሮ እንስሳዋን ይዞ ገደል ይገባል። አየርላንዳዊቷ ተጓዥ ደርቭላ መርፊ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስሜንን ጨምሮ የኢትዮጵያን ደጋ በእግሯ ስታቋርጥ አብራት የነበረችው አንዲት በቅሎ ነበረች። በ1968 ባሳተመችው መጽሐፍ ርእስ ውስጥ በቅሎዋን ያስገባቻት ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

አሁን ወደ እንጀራው። ከዓለም የተራራ ሠራተኞች ታሪክ ትምህርት የሚሰጠው የኔፓሉ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 18 ቀን 2014 ኤቨረስት ላይ ኩምቡ በተባለው የበረዶ መውረጃ ናዳ ወርዶ 16 ኔፓላውያን ሠራተኞችን ገደለ። ሁሉም የደንበኞችን ጓዝ ወደ ላይ ሲያጓጉዙና መንገድ ሲያበጁ የነበሩ ናቸው። መንግሥት በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ለቀብር የመደበው 40,000 የኔፓል ሩፒ፣ ያኔ 400 ዶላር ገደማ ነበር። ሼርፓ የሚባሉት የአካባቢው ተወላጅ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። በዚያ ዓመት በኔፓል በኩል የሚደረገው ጉዞ ከሞላ ጎደል ቆመ፤ የሠራተኞች የሕይወት መድን ዝቅተኛ መጠንም ከ1 ሚሊዮን ወደ 1.5 ሚሊዮን ሩፒ ከፍ አለ። ሐዘን ብቻውን ያላመጣውን ለውጥ ሥራ ማቆሙ አመጣው።

ኔፓሎች በዚህ አልተወሰኑም። ከዚያ ቀድሞ ጀምሮ በፎርትሴ መንደር፣ የሥራ ወቅት ባልሆኑት የብርድ ወራት፣ ሠራተኞች ገመድ አያያዝና ነፍስ ማዳንን የሚማሩበት ማእከል ተቋቁሟል። እ.ኤ.አ. በ2012 የሀገሪቱ ተራራ መሪዎች ማኅበር በ1965 በአውሮፓ የአልፕስ ሀገሮች መሪዎች የተመሠረተው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አባል ሆነ። የፌዴሬሽኑን ዓርማ ማግኘት ዓመታት የሚፈጅ ሥልጠናና ፈተና ይጠይቃል። ቀድሞ «ጓዝ ተሸካሚ» ተብሎ የሚታወቀው ሼርፓ ዛሬ የጉዞ ድርጅት ባለቤት ሆኖ የውጭ ደንበኛን ራሱ ያስተዳድራል። ይህ የሆነው ጎብኚው ደግ ስለሆነ አይደለም፤ ሠራተኛው ስለሠለጠነና ስለተደራጀ ነው።

ታንዛንያ ሌላ መንገድ ሄደች። የ5,895 ሜትሩን ኪሊማንጃሮ በ1889 መጀመሪያ የወጡት ሃንስ ማየርና ሉድቪግ ፑርትሼለር ናቸው ሲባል፣ መንገድ መራቸው የሚባለው የማራንጉ ተወላጁ ወጣት ዮሐኒ ኪንያላ ላውዎ ግን ለረጅም ጊዜ ከታሪኩ ወጥቶ ነበር። ዛሬ በኪሊማንጃሮ የተሸካሚ ጭነት ወሰን 20 ኪሎ ግራም ነው፤ በመግቢያው በርም ሚዛን ላይ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የተሸካሚዎች ድጋፍ ፕሮጀክት ድርጅቶች ምን ያህል እንደሚከፍሉ፣ ተሸካሚው ስንቴ እንደሚበላ፣ ምን ዓይነት ድንኳን ውስጥ እንደሚያድር ይከታተላል። የሚያሟሉትን ድርጅቶች ስም ይፋ ያደርጋል። ደንበኛ ከመክፈሉ በፊት ዝርዝሩን ማየት ይችላል። ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም፤ ግን አንድ ሰው በጀርባው ምን ያህል መሸከም እንዳለበት በቁጥር ተጽፎ በሚዛን ይረጋገጣል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ እኛው ስንመለስ፣ ደባርቅ ላይ አስጎብኚዎች፣ ምግብ አብሳዮችና በቅሎ ነጂዎች በየራሳቸው ማኅበር ተደራጅተው በተራ ይሠራሉ። ስካውት የሚባል መሣሪያ የያዘ ጠባቂ ከእንግዳው ጋር መሄዱ ግዴታ ነው። አሠራሩ ከሻሞኒው ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ችግሩም እንዲሁ። ተራ ሥራን ለብዙ ቤት ያዳርሳል፤ አንዱ ጠግቦ ሌላው እንዳይራብ ይጠብቃል። ነገር ግን የተማረውንና ያልተማረውን አንድ ያደርጋቸዋል። እንግሊዛውያን ተራራ ወጪዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሻሞኒን ተራ አጥብቀው ተቃውመው ነበር፤ መሪያችንን ራሳችን እንምረጥ በሚል። እኔ የሻሞኒዎቹ ወገን ነኝ፤ ተራው እንዲቀር አልመኝም። ወደ ተራው ለመግባት ግን ፈተና ማለፍ፣ ፈተናውንም በየጥቂት ዓመቱ ማደስ ይገባል።

የዚህ ሙያ ትልቁ ጠላት ደግሞ ማኅበሩ የማይቆጣጠረው ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና፣ በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት የእንግዳውን መንገድ ደጋግሞ ዘጋው። እንግሊዝኛ ተምሮ፣ የአዕዋፉን ስም በሙሉ አጥንቶ፣ የራሱን የመኝታ ቦርሳ ገዝቶ የነበረ ወጣት ተራው ለዓመታት አልደርስ አለው። ሙያ ያለ ሰላም እንደማይቆም ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ምስክር አያስፈልግም። በቅሎ ደግሞ ሥራ ቢኖርም ባይኖርም ትበላለች። ዋልያውም ከዚሁ መከራ አላመለጠም፤ ቁጥሩ በእነዚህ ዓመታት በእጅጉ አሽቆልቁሏል።

ስለ ሥነ ምግባሩ ሲወራ ሁሌም የሚነሡት ሁለት የኤቨረስት ታሪኮች ናቸው፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. የ2006 ናቸው። በሜይ ወር አጋማሽ እንግሊዛዊው ዴቪድ ሻርፕ ከጫፉ በታች አንድ ዋሻ መሳይ ጥግ ሥር ተቀምጦ በብርድ ሲሞት 40 ገደማ ሰዎች በአጠገቡ አልፈዋል። ከቀናት በኋላ ደግሞ አውስትራሊያዊው ሊንከን ሆል ሞቷል ተብሎ ከተተወበት ሌሊቱን ተሻግሮ በሕይወት ተገኘ። ያገኘው የዳን ማዙር ቡድን ጫፉን ለመርገጥ ጥቂት ሰዓት ቀርቶት ሳለ ጉዞውን ትቶ ከጎኑ ቆመ፤ ሆልም ዳነ። የማዙር ቡድን ያደረገውን እያደነቅሁ፣ ጥያቄውን እነዚያ ሰዎች ደጋግ ናቸው ወይስ ጨካኞች በሚል ማብቃቱ አይበቃኝም። ከ8,000 ሜትር በላይ የሰው አእምሮ በቅጡ አያስብም፤ እዚያ የሚደረገው አብዛኛው ውሳኔ ታች ሳለ የተወሰነ ነው።

በጁላይ 2023 ፓኪስታን ውስጥ ባለው የኬቱ ተራራ ላይ የሆነው ይህንን በግልጽ አሳይቷል። የፓኪስታን ተወላጁ ጓዝ ተሸካሚ መሐመድ ሐሰን 8,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ቦትልኔክ በሚባለው ጠባብ መንገድ ወድቆ ሕይወቱ አለፈ። በዚያ ቀን ብዙ ሰዎች በላዩ ተራምደው ወደ ጫፉ ሲያልፉ የሚያሳይ ምስል ዓለምን አስቆጣ። ተራራውን በዚያ ቀን የጨረሰችው ኖርዌያዊት ክሪስቲን ሃሪላ ቡድኗ ሊረዳው መሞከሩን ተናግራለች። የቁጣው ሁሉ ጣት ያለፉት ሰዎች ላይ ተቀሰረ። ሐሰን ግን ለዚያ ከፍታ የሚሆን ልብስና መሣሪያ እንዳልነበረው በስፋት ተዘግቧል። የእኔ ጥያቄ እሱን እንደዚያ አድርጎ የላከው ማን ነው የሚል ነው። አንድ ሰው ያለ ጓንትና ያለ በቂ ልብስ ወደዚያ እንዲሄድ ውል ሲፈረም ኃጢአቱ ተሠርቶ አልቋል። ቦትልኔክ ላይ የታየው ውጤቱ ነው።

ወደ ስሜን ስንመጣ ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ጨነቅ ላይ ሌሊቱ ውኃ ያረጋል። እንግዳው በላባ በተሞላ የመኝታ ቦርሳ ሲያድር፣ የበቅሎ ነጂው ጋቢውን ተከናንቦ፣ በኮንጎ ጫማ የዋለ እግሩን እሳት ዳር ዘርግቶ የሚያድርበት ጊዜ ብዙ ነው። ለእሳቱ ደግሞ አስታ የተባለው ዛፍ ይቆረጣል። እንጨቱን የሚቆርጠውን ሰው ከመውቀስ በፊት ብርድ ልብስና የነዳጅ ምድጃ ለሠራተኛውም እንዲደርስ ማድረግ ይቀድማል፤ ደኑም በዚያው ይተርፋል። ድንገተኛ ሕመም ቢመጣ የሚያወርደው በቅሎ ወይም የሰው ትከሻ ነው። በ2011 ዓ.ም. የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በእሳት ሲነድ እሳት የሚያጠፋ ሄሊኮፕተር የመጣው ከኬንያ መሆኑን ያስታወሰ ሰው የነፍስ አድን ነገር ምን ላይ እንዳለ ይገባዋል።

ቆሻሻን የሚመለከተው የሥነ ምግባር ክፍል የታወቀ ነውና አልረዝምበትም፦ ይዛችሁ የወጣችሁትን ይዛችሁ ውረዱ። ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2014 እያንዳንዱ የኤቨረስት ወጪ 8 ኪሎ ቆሻሻ ይዞ እንዲወርድ የሚያስገድድ ደንብ አውጥታ ነበር። ጭላዳን ማብላት ደግሞ እንስሳውን ለማኝ ያደርገዋል፤ አይደረግም።

የሚከብደው የሰውና የፓርኩ ጉዳይ ነው። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 ከመጀመሪያዎቹ የዩኔስኮ የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆነ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገብቶ በ2017 ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ከፓርኩ እምብርት ከነበረችው ከግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ተነሥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ሣሩ ተመልሷል፤ እንግዳውም ሰፊ ሜዳ ያያል። ነገር ግን ያን ሜዳ የለቀቁት ሰዎች ልጆች ከተራራው ጉዞ ምን አገኙ? መልሱ ጥሩ ካልሆነ የተፈጥሮ ጥበቃው ዕዳ አለበት። መንዝ ጓሳ ሌላ ምሳሌ ነው። የአካባቢው ሕዝብ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሣሩን መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚያጭድ ራሱ እየወሰነ ለዘመናት ጠብቆታል፤ ቀይ ቀበሮም ጭላዳም እዚያ ይኖራል። የጎብኚው ማረፊያም የማኅበረሰቡ ነው። ለእኔ ይህ ከየትኛውም የውጭ ሥልጠና የበለጠ ትምህርት ነው፤ ባለቤቱና ጠባቂው አንድ ሰው ስለሆነ።

ሰላሙ ሲመለስና መንገዱ ሲከፈት የምትሄዱ አንባቢዎች፣ ከአዲስ አበባም ሆነ ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ብትነሡ፣ ለጉዞ ድርጅቱ ከመክፈላችሁ በፊት ጥቂት ነገር ጠይቁ። የበቅሎ ነጂው የት ያድራል? ምን ለብሶ? እሱና ስካውቱ ከእናንተ ድስት ይበላሉ ወይስ የራሳቸውን በሶ ይዘው ይመጣሉ? ከመካከላቸው አንዱ ቢታመም የሕክምናውን ወጪ የሚከፍለው ማን ነው? አስጎብኚው የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና መቼ ወሰደ? ጉርሻ የምትሰጡ ከሆነ በየሰዉ እጅ ስጡ፤ ለአንዱ ሰጥታችሁ ያካፍል አትበሉ። ድርጅቱ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከሌለው ሌላ ፈልጉ። መልስ ያለው ደግሞ ዋጋው ከፍ ቢል እንኳ ሳትከራከሩ ክፈሉት።